የእርሻው ዳርቻ የማን ነው?

አንድ ገበሬ በአዝመራ ጊዜ ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ፥ «አባቴ፥ የገዛ እርሻዬን አጥርቼ ባጭድ፥ አንዲት ዘለላ እንኳ ሳላስቀር ብሰበስብ፥ ኃጢአት ይሆንብኛልን? ያልዘራሁትን አላጨድሁም፤ የሰው ድንበርም አልገፋሁም» ብሎ ቢጠይቅ፥ ካህኑ ምን ሊመልስለት ይገባል? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሀገራችን በብዙ ቦታ እርሻ ለአፍ መሆኑ እየቀረ ለገበያ እየሆነ ስለ ሄደ፥ ጉዳዩ የአንድ ገበሬ ብቻ አይደለም፤ የሚያርሱትም የማያርሱትም፥ ካህናቱም ምእመናኑም ሊያስቡበት የሚገባ የሃይማኖት ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በተቻለን መጠን ልንመረምረው ወደድን።

በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 እንደምናነበው፥ እግዚአብሔር ለሕዝበ እስራኤል ስለ አዝመራ ሕግ ሲሰጥ፥ ባለ እርሻው የእርሻውን ዳርቻ ጠርጎ እንዳያጭድ፥ ከአጫጆች እጅ የወደቀውንም ቃርሚያ እንዳይሰበስብ፥ ይህ ሁሉ ለድኃውና ለእንግዳው እንዲቀር አዘዘ። በዚህ ሕግ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ ባለ እርሻው ለድኃው ይስጠው አላለም፤ ይተውለት አለ እንጂ። የሚሰጥ ሰው ከራሱ ገንዘብ ይሰጣል፤ የሚተው ሰው ግን ቀድሞውንም የሌላ የሆነውን ይተዋል። ስለዚህ ሞዓባዊቱ ሩት በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም ለማኝ አልነበረችም፤ እግዚአብሔር የጠበቀላትን ድርሻ በገዛ ድካሟ የምትሰበስብ ሠራተኛ ነበረች። ያች ቃራሚ የዳዊት ቅድመ አያት እንደ ሆነች፥ ከዘሯም ጌታችን በሥጋ እንደ ተወለደ ብናስብ፥ የእርሻ ዳር ትንሽ ነገር እንዳልሆነ እናስተውላለን።

አሁን ይህን ነገር በቅርብ በምናውቀው ሀገር እንመልከተው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ፥ የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ያለች ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር የተዘረጋው ጥቁር አፈር ያለው ሜዳ የፎገራ ሜዳ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። ስለዚህ በቀድሞው ዘመን ገበሬው ብዙውን ጊዜ ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ፥ በቀረው እርጥበት ጤፍ፥ ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር። የቀረውም ሜዳ ለከብት ነበረ፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚህ ሣር ነው።

ያ ዘመን ግን ያለ ችግር የታለፈ እንዳይመስለን። ክረምቱ ሲከፋ ሰብሉ በውኃ ይበሰብስ ነበር፤ ረኃብም ሲመጣ ሕዝቡ ጓያ አብዝቶ ይበላ ስለ ነበር፥ በደምቢያና በፎገራ እግራቸው ተሽመድምዶ በምርኩዝ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ያለፈውን ሁሉ ማመስገን፥ የመጣውን ሁሉ መንቀፍ የእውነተኛ መምህር ልማድ አይደለም።

ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በቅርብ ዘመን ነው። በረግረጉ ቦታ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል የዱር ሩዝ መታየቱ፥ ምድሩ ለዚህ እህል የሚስማማ መሆኑን አመለከተ። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች ማኅበራት ሩዙን ዘርተው ፈተኑት፤ ኤክስ-ጅግና የተባለው የሩዝ ዘርም እስከ ዛሬ በዚያች ቀበሌ ስም ይጠራል። በ2002 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ሩዝ ምርምርና ልማት ብሔራዊ ስልት አወጣ፤ የሩዝ ብሔራዊ የምርምርና የሥልጠና ማዕከልም በወረታ ተቋቋመ። ለሌላው እህል መርገም የነበረው ውኃ ለሩዝ በረከት ሆነለት። ዛሬ የፎገራ ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግራል፤ የተረፈውን በወረታ መፈልፈያዎች አስፈልፍሎ ወደ ገበያ ይልካል። በሣር ክዳን ፈንታ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን፥ መድኃኒት ለመግዛት የቻለው በሽተኛ ከዚህ አዝመራ ተካፋዮች ናቸው። ሀገራችን ከምትበላው ሩዝ ብዙውን ከውጭ የምትገዛ ስለ ሆነች፥ የፎገራ ገበሬ ድካም ለመላው ሕዝብ የሚጠቅም ነው። ስለዚህ ስለ ሩዝ አስቀድሞ የሚገባው ቃል ምስጋና ነው።

ከምስጋናው በኋላ ግን ልናስተውለው የሚገባ ለውጥ አለ። እህል ለአፍ በሚዘራበት ጊዜ ልክ አለው፤ ቤተ ሰብ በልቶ ይጠግባል፥ ጎተራ ይሞላል፥ ከዚያ የተረፈው ቢከማች ነቀዝ ይበላዋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ዳር ዳሩን ቢተው ብዙ የጐደለበት አይመስለውም። እህል ወደ ገንዘብ በሚለወጥበት ጊዜ ግን ልኩ ይጠፋል። ገንዘብ አይነቅዝም፤ ጎተራ አያስፈልገውም፤ ማንም ሰው ገንዘብ ጠገብሁ ሲል አልሰማንም። እርሻውን አንድ ክንድ ቢያሰፉት አንድ ክንድ ትርፍ አለው፤ ጭዱም ዋጋ አለው፤ ከመፈልፈያው የሚወጣው ብጣሪም ዋጋ አለው። ሁሉም ነገር ዋጋ ባገኘ ጊዜ፥ ያለ ዋጋ የሚቀር ዳርቻ አይኖርም።

ዳርቻ ስንል የማሳውን ጠርዝ ብቻ ማለታችን አይደለም። በገጠር ኑሮ ውስጥ በሕግ ያልተጻፉ፥ ነገር ግን ደካማውን ደግፈው ያቆሙ ብዙ ዳርቻዎች ነበሩ። አንደኛው፥ አውድማ ላይ እህል በሚሰፈርበት ጊዜ ለመጣ ድኃ ሁሉ የሚዘገንለት እፍኝና ከአጨዳ በኋላ የሚቃረመው ቃርሚያ ነው። ሁለተኛው፥ አዝመራው ከተነሣ በኋላ ማሳው የሁሉ መሰማሪያ መሆኑ ነው፤ አንዲት ላም ብቻ ያለቻት ሴት መሬት ባይኖራትም ላሟ ከጎረቤት ማሳ ትበላ ነበር። አሁን ግን ሩዙ እንደ ተነሣ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል፤ ውኃ በሞተር ስቦ ማጠጣት በሚቻልበት ቦታም ሽንኩርት ይተከልበታል፤ ማሳው ለከብት ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ እጅግ አጠረ። ሦስተኛው የወል ግጦሽ ነው፤ ከዚህም ብዙው ታርሶ ሩዝ ተዘርቶበታል፤ በቀረው ሜዳ ላይ ደግሞ አሜከላ የተባለው እሾሃም አረም ገብቶበታል። የፎገራ ላም ዘርም በሀገሩ እየተመናመነ፥ እንዳይጠፋ በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሲደከምበት የኖረ ሆነ። አራተኛው ደቦና ወንፈል ነው። ሩዝ በእጅ የሚታረም፥ ብዙ ጉልበት የሚፈልግ እህል ስለ ሆነ፥ በአረም ወራት ሥራው የሚጨርሰው በቀን ሠራተኛ ነው፤ በደቦ ጊዜ በአንድ ገበታ ይቀመጡ የነበሩ ጎረቤታሞች፥ አሁን አንዱ ከፋይ ሌላው ተከፋይ ሆነዋል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚያሳዝነው የመሬቱ ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ስለ ደነገገ፥ ድኃው ከርስቱ ፈጽሞ አይነቀልም። ነገር ግን አንዲት ባልዋ የሞተባት፥ በሬ የሌላትና ጉልማሳ ልጅ ያልደረሰላት ሴት ብትኖር፥ መሬቷን ለእኩል አራሽ ወይም በኮንትራት ለሌላ ትሰጣለች። በክረምት ልጆቿ በሚራቡበት ጊዜ ገንዘብ የሚያበድራት ሰው፥ ብድሩን ከሚመጣው ዓመት ኮንትራት ጋር ያያይዘዋል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ መሬቱ በስሟ ይቀራል፥ ፍሬው ግን የሌላ ይሆናል። በስም ባለ መሬት፥ በኑሮ ግን ቃራሚ ትሆናለች፤ ቃርሚያውም ከላይ እንዳልነው አልቆ ይጠብቃታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ የነገሩ ጥልቅነት ይታያል። ይህ ሁሉ ሲሆን በዳዩ ማን ነው? በሌላ ጊዜ በሌላ አውራጃ ጥያቄው ቀላል ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ፥ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የእርሻ ልማት ድርጅት በተቋቋመ ጊዜ፥ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ ምርቱን አበዛው። ምርቱ በመብዛቱ ግን የመሬት ኪራይ ተወደደ፤ ከባለ መሬቶቹም አንዳንዶቹ ትርፉን ባዩ ጊዜ ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ድኃውን ለመርዳት የተጀመረው ሥራ ድኃውን ከመሬቱ አስወጣው። በዚያ ጊዜ ባለ መሬቱን ጠርቶ፥ እንደ ኤልያስ በናቡቴ ርስት ነገር መገሠጽ ይቻል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን እንዲህ ያለው ባለ መሬት የለም። የፎገራ ገበሬ በትንሽ ማሳ የሚደክም፥ ትናንት እርሱ ራሱ ድኃ የነበረ ሰው ነው። ማንም ተነሥቶ ድኃውን እንበድል ብሎ አልመከረም። እያንዳንዱ የራሱን ማሳ ብቻ አጠረ፥ የራሱን ጭድ ብቻ ሸጠ፥ የራሱን ዳር ብቻ አረሰ፤ ሲደመር ግን ለድኃው የሚቆምበት ቦታ ታጣ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ሀገር ብቻ የሆነ አይደለም። በኢንዶኔዥያ በጃዋ ደሴት፥ ሩዝ ከጥንት ጀምሮ የሚታጨደው በመንደሩ ሴቶች ነበረ። በመዳፍ ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ቢላዋ ዘለላውን አንድ በአንድ እየቆረጡ ይሰበስቡ ነበር፤ ወደ አጨዳው የመጣችውን ሴት መከልከል ነውር ስለ ነበር፥ ምንም መሬት የሌላት እንኳ ከሰበሰበችው ድርሻዋን ይዛ ትገባ ነበር። በ1960ዎቹ አዲስ የሩዝ ዘር ገብቶ ምርቱ ሲበዛ፥ ብዙ ባለ እርሻዎች ሩዙን ገና በማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ለነጋዴ መሸጥ ጀመሩ። ነጋዴው ጥቂት ሰዎች ማጭድ አስይዞ ከሌላ ቦታ ያመጣል፤ የመንደሩን ሴቶች አያውቃቸውም፥ ነውሩም አይነካውም። ባለ እርሻውም፥ ሩዙ የእኔ አይደለም፥ ሸጬዋለሁ እያለ ከጎረቤቶቹ ፊት ዞር ይላል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በዚያ የተሸጠው ሩዝ ብቻ ነበርን? የጎረቤት ፊት ማፈርም አብሮ ተሸጦ ነበር።

የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት፥ በወንጌለ ሉቃስ በምዕራፍ 12 ስላለው፥ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ ያስተማረው ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ያ ሰው ሰርቆ ወይም ቀምቶ አልተባለም፤ እርሻው ፍሬ ስለ ሰጠለት ብቻ የት ላግባው ብሎ ተጨነቀ። ባስልዮስ የተራቡ ሰዎች ሆድ ጎተራ ሊሆንለት እንደሚችል ባለማየቱ ይገሥጸዋል፤ ከሚያስፈልገን በላይ የያዝነው ነገር የተቸገረው ሰው ገንዘብ መሆኑንም ያስተምራል። ይህም ማለት ያልበደለ የሚመስል ሰው እንኳ፥ ባለማየቱ ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «ማንም ይህን አላሰበም» የሚለው መልስ ለዚህ ዓለም ዳኛ ይበቃ ይሆናል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ባለማሰባችን ራሱ እንጠየቃለን።

በዚህ ላይ የሚነሡትን መቃወሚያዎች አሳንሰን ልናልፋቸው አይገባም። ገበሬው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ማዳበሪያውን በብድር ገዛሁት፥ ለአራሚው ከፍያለሁ፥ ዳሩን ብተው ዕዳዬን ማን ይከፍልልኛል?» ይህ ቃል ሐሰት አይደለም። የኦሪቱ ሕግም ቢሆን የዳርቻውን ስፋት በክንድ ወስኖ አልጻፈም፤ በኋላ የተነሡት የእስራኤል መምህራን ግን ከ60 አንድ እጅ እንዳያንስ ወስነው ነበር። ከ60 አንድ እጅ ማንንም ዕዳ ውስጥ አይጥልም፤ ሰውን ከሰውነት እንዳይወጣ ግን ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ደግሞ፥ «ድኃው ለምን ተቀጥሮ አይሠራም? ሥራ ሞልቷል» ይላል። መሥራት የሚችል ይሥራ፤ ነገር ግን አረም የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው፤ ሽማግሌው፥ አራሷና ዓይነ ስውሩ ከጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሊውሉ አይችሉም። ሦስተኛው፥ «ድኃን መርዳት የመንግሥት ፈንታ ነው» ይላል። መንግሥት ግድብ ሊሠራ፥ ዘር ሊያከፋፍል ይችላል፤ በማን ቤት ዛሬ ጭስ እንዳልወጣ የሚያየው ግን ጎረቤት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ የፎገራን ሜዳ ሸፍኖ ብዙውን ሰው ከቀዬው ባፈናቀለ ጊዜ፥ ውኃው ባለ ብዙ ማሳውንና ባለ ጥቂቱን አልለየም። ለድኃው የተተወ ዳርቻ ባለጠጋውም አንድ ቀን ሊቆምበት የሚችል ደረቅ መሬት ነው።

አራተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የከበደ ነው። «እኔ በዓመት በዓል እዘክራለሁ፥ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያም ሰጥቻለሁ» የሚል አለ። ይህ መልካም ነው፥ ዋጋውም አይጠፋም። ነገር ግን የሚሰጠው ነገር ምስጋና አለው፥ በጉባኤም ስም ያስጠራል፤ የሚተወው ነገር ግን የሚያየው እግዚአብሔርና ቃራሚው ብቻ ናቸው። የተሰጠው የተተወውን አይተካውም፤ የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 5 የተቀረ የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ያስተምራልና፥ የሠራተኛው ሒሳብ ሳይከፈል የተሠራ ጉልላት ያንን ጩኸት ሊሸፍነው አይችልም።

እንግዲህ ለዚያ ገበሬ የሚሰጠው መልስ ምንድን ነው? እንዲህ ይመስለናል። ቀድሞ ልማድ ስለ እኛ ይመጸውት ነበር። ማሳው ከአጨዳ በኋላ ክፍት የነበረው፥ ጭዱም ለፈለገ የቀረው፥ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ቸሮች ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም፤ ገዢ ስላልነበረውም ነው። ዛሬ ገዢ በመጣ ጊዜ ልማዱ ፈረሰ። ልማዱ ቢፈርስም ትእዛዙ አልፈረሰም፤ ልማድ ያደርገው የነበረውን አሁን ፈቃዳችን ሊያደርገው ግድ ነው። ስለዚህ ገበሬው ማሳውን ማጠሩ፥ ሩዙን መሸጡ፥ ሁለተኛ ሰብል መዝራቱ ኃጢአት አይደለም፤ ዳርቻ እንዳለ እየወቀ እንደሌለ ሆኖ መኖሩ ግን ኃጢአት ነው።

ይህም በሥራ ሲተረጐም ከባድ አይደለም። ከማሳው አንድ ጥግ ለቃራሚ ይቅር፤ ከጭዱም አንድ ሸክም መሬት ለሌላት ባለ ላም ይተውላት። ለቀን ሠራተኛው ደመወዙ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈለው፤ በሰንበትም እርሱ ዕረፍት ያግኝ፥ ጌታው ዐርፎ ምንደኛው የሚደክምበት ሰንበት ግማሽ ሰንበት ነውና። ከባልቴት መሬት የሚይዝ ሰው ውሉን በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ ያድርግ፤ የክረምት ብድሯንም ከመሬቷ ጋር አያስተሳስርባት። የቀረው የወል ግጦሽ ይታረስ ሲባል፥ በስብሰባው ላይ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ አንዲት ላም ስላላቸው ሰዎች ይናገር።

ይህን ስንናገር ከካህናት እንጀምራለን። በገጠር ያሉት ካህናት ራሳቸው ገበሬዎች ናቸውና ምእመናን ከስብከታቸው ይልቅ ማሳቸውን ያያሉ። የቄሱ እርሻ ዳር እስከ ጠርዙ ተጠርጎ ታጭዶ እያለ፥ ስለ ሩት ማስተማር አይቻልም። የንስሐ አባትም የንስሐ ልጁን ጾምህን ጾመሃል ወይ ብሎ ሲጠይቅ፥ የአራሚውን ደመወዝ ከፍለሃል ወይ፥ የባልቴቲቱን መሬት በስንት ይዘሃል ወይ ብሎ ይጠይቀው። ጥያቄው መጀመሪያ ያስደነግጥ ይሆናል፤ ውሎ አድሮ ግን ልማድ ይሆናል፤ ልማድም ሲሆን አዲስ ዳርቻ ይሆናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውሳለን። ገዢ የሌለውን ነገር የተወ ሰው ምን እንደ ተወ አያውቅም። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ዘለላ ዋጋው ስለሚታወቅ፥ ዳሩን የሚተው ገበሬ የሚተወውን ቆጥሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ገበያ ዳርቻውን የወሰደብን ብቻ አይደለም፤ ዳርቻውን አውቀን፥ ወደን፥ ዋጋውን ተምነን እንድንተው ዕድል የሰጠንም ነው። ቀድሞ በልማድ የተደረገው አሁን በፍቅር ቢደረግ፥ በእግዚአብሔር ፊት ከቀድሞው ይልቅ የከበረ ይሆናል።

የርብንና የጉማራን ውኃ በልክ የሚያወርድ፥ የፎገራን ሜዳ በፍሬ የሚሸፍን አምላክ፥ የሚዘራውንም የሚቃርመውንም በአንድ በረከት ይባርክልን። አሜን።